ያዘገየሁት መርዶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለልጆቼ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህን ግን ከምላሴ ሥር ደብቄ፣ «ሌላስ የለም?» ሲሉኝ «የለም አባቴ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ ወጥቻለሁ። ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ዝም አለ። አሁን እናንተ የምታነቡት ስሙኝ። ፍረዱልኝ አልላችሁም። መፍረድ የእኔ ሥራ ነበር።

እውነቴን ነው፤ ሰው ዳኛዋ ይለኝ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ግን ያልተስተካከለ ነገር ዓይኔ እያየ አያልፍም። በምንኖርበት፣ ከሚኒያፖሊስ አጠገብ ባለው በሮዝቪል አፓርትመንት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቶ የሰው ተራ የቀማ ከእኔ ጋር ይጣላ ነበር። ማሞቂያው ተበላሽቶ የአንዱ ፎቅ ተሠርቶ የሌላው ሲቀር፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ማኔጀሩን ቢሮው ድረስ ሄጄ አፋጥጬዋለሁ። ዘይነባ ትስቅብኝ ነበር። «አንቺ እኮ ገነት ብትገቢም ወረፋው ተዛባ ብለሽ ከመላእክቱ ጋር ትጣያለሽ» ትለኝ ነበር።

ዘይነባ በሬ ፊት ለፊት የምትኖር የወሎ ሴት ነበረች። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ሥጋችን ይለያይ እንጂ ሌላው ሁሉ አንድ ነበር። ልጅ አልወለደችም። በዚህ አገር ያሏት ዘመዶች ሴንት ፖል የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ሁሴንና የሁሴን ልጅ ሙስጠፋ ብቻ ነበሩ። ሁሴን «ብቻሽን ከምትኖሪ እኔ ቤት ግቢ» ሲላት፣ እሷ «ጧሪ አልለመንኩም» ብላው፣ ክፉ ቃል ተወራውረው ተለያይተው ነበር። «ዓይኔ ይዳንልኝና ሄጄ አፉ እለዋለሁ» ትል ነበር። አፉ መባባል በእነሱ ዘንድ ይቅር መባባል ነው።

ያን ጊዜ ዓይኗን ኦፕሬሽን ተደርጋ ተኝታለች። አንደኛው ዓይኗ ድሮውንም አያይም። ሐኪሙ፣ ዓይኗ እስኪድን ድረስ፣ ፊቷን ወደ ታች ደፍታ እንድትቆይ አዟል። ትራስ ደርድሬ ግንባሯን አስደግፋታለሁ፤ አጎንብሳ እንዳለች አጎርሳታለሁ። ስልኳም በእኔ እጅ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት፣ ስልኳን ይዤ ኮሪደር ላይ ሳለሁ፣ ሙስጠፋ ደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«እማማ ስንዱ፣ አባቴ ጎህ ሲቀድ አረፈ። ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ነው የምንቀብረው። አክስቴን መጥቼ ልውሰዳት? ከመከፈኑ በፊት ፊቱን ትየው።»

«መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ?» ብዬ ጮህኩበት። አባቱ በሞተበት ሰው ላይ ጮህኩበት። «ዓይኗን ታስራ፣ ለብቻዋ? ተወው፤ እኔ ነግሬ አመጣታለሁ።»

«እንዳያመልጣት እማማ።»

«ሰምቻለሁ አልኩህ!»

ስልኩን ዘግቼ ገባሁ። ዘይነባ አንገቷን እንደደፋች «ማነው?» አለችኝ። «ልጄ ነው» አልኳት።

ለምን? ይህን ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። የእናቴን ሞት የሰማሁት ሚኒያፖሊስ ሆቴል ውስጥ አንሶላ እያጠፍኩ ነው፤ በስልክ፣ ለብቻዬ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። አንሶላውን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ አልጋውን አነጠፍኩ። በእኛ ወግ መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ከጎን ቆሞ ነው የሚነገረው። ከእንግዲህ እኔ ባለሁበት ማንም እንደኔ ብቻውን መርዶ አይረዳም ብዬ ምዬ ነበር። ሴቶቹ ደግሞ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው፤ የሚሰበሰቡት ቅዳሜ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ አልኩ። ማንንም ሳልጠይቅ፣ እኔ ቅዳሜ አልኩ።

የእነሱን ወግ አላውቅም ነበር? አውቃለሁ እንጂ! በዚህ ከተማ ያልሄድኩበት ለቅሶ የለም። ከሩቅ ምሥራቅ የመጣው የሞንግ ሰው ጎረቤታችን ሲሞት ከበሮው እየተመታ ቀናት ሲፈጅ አይቻለሁ። ፈረንጆቹ ቀብረው ሲመለሱ ከቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ወርደው ሳንድዊች እየበሉ ስለ ሟቹ ሲስቁ አይቼ፣ መጀመሪያ ታዝቤ በኋላ አብሬ ስቄያለሁ። የእኛም ሬሳ ዘመድ ከሌላ ስቴት እስኪደርስ ፊዩነራል ቤት ይቆያል። የእነዘይነባ ግን ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ ተሰግዶበት በዕለቱ ይቀበራል። ይህን አውቃለሁ። ሙስጠፋም ነገረኝ። አውቄ ነው እንግዲህ። የራሴን ወግ ክብር፣ የእነሱን ጥድፊያ አደረግሁት። ለሰው ሁሉ እኩል እፈርዳለሁ የምል ሴት!

እኩለ ቀን ሲሆን እንደገና ደወለ፤ እንደገና ኮሪደር ወጣሁ። «አልቻለችም። ሐኪሙ አትነሳም ብሏል። እናንተ ቅበሩ፤ አንተ ቅዳሜ ማለዳ ና» አልኩት። ሐኪሙ እንዲህ አላለም። አንገቷን ደፍታ መኪና ውስጥ መቀመጥ ትችል ነበር፤ ከሆስፒታልም የመጣችው እንደዚያው ሆና ነው። እንባ ዓይኗን ያጠፋዋል ብዬ ለራሴ ያልኩትም እኔ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለም። ስልኩን ሳይለንት አድርጌ ኪሴ ከተትኩት። ሁሴንን ያለ እህቱ አፈር ሲያለብሱት እኔ እሷን ሾርባ አጠጣኋት። «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ። ያን ምርቃት የት ላድርሰው?

ቅዳሜ ማለዳ የአፓርትመንታችን ሴቶች መጡ። ለእነሱም ገና መስማቴ ነው ብያቸው ነበር። ሙስጠፋም መጣ፤ በሩ ሥር ቆመ። አንዷ እጇን፣ አንዷ ትከሻዋን ይዘው ነገሯት። እኔ እንዳሰብኩት፣ በወጉ።

ዘይነባ አልጮኸችም። «መቼ?» አለች።

«ሐሙስ» አለ ሙስጠፋ።

«ልትቀብሩት ነው?»

ትከሻዋን የያዘችው አጥብቃ ያዘቻት። ያኔ አንገቷን ቀና አደረገች። ቀና አትበይ የተባለች ሴት ቀና አለች። «ተቀብሯል? ፊቱን ሳላየው? አፉ ሳልለው? ሙስጤ፣ ስልክ የለህም? እኔ ለአባትህ ማን ነኝ?»

ሙስጠፋ አየኝ። እናንተዬ፣ አየኝ ብቻ። አፉን ሊከፍት ነበር። እኔ ቀደምኩት።

«ምነው ልጄ፣ ብትደውልላት ምን ነበረበት?» አልኩ።

በአፌ ነው ያልኩት። በሰው ፊት ነው ያልኩት። መርዶውን ማዘግየቴን ስህተት በሉት፤ ይህንን ግን ስህተት አትበሉልኝ። የዘይነባን ፊት አይቼ ፈራሁ፤ የምትጠላው ሰው እኔ እንዳልሆን በወንድሟ ልጅ ላይ ጣልኩት። እሱ በሥርዓት ያደገ የልጆች አባት ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ከአሮጊት ጋር «ውሸትሽን ነው» ይባባል? አንገቱን ደፋ። ሴቶቹም «የዚህ አገር ነገር» እያሉ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ዓይኗ አልዳነም። ቀና ብላ ስለነበር ይሁን፣ ድሮም የማይድን ይሁን አላውቅም፤ ሐኪሙን ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ እጇን ይዤ የመራኋት እኔ ነኝ። ሙስጠፋ በየበዓሉ እየመጣ በሩን ያንኳኳ ነበር። «የለሁም በይው» ትለኛለች። እኔም በሩን ከፍቼ የለችም እለዋለሁ። ውስጥ ሆና ስታስል እየሰማ «እሺ እማማ» ብሎ ይሄዳል።

አዲስ አበባና አስመራ የታረቁበት ክረምት ነበር። እዚህም ተኮራርፎ የኖረው ሁሉ ሲተቃቀፍ፣ ጎረቤቶቻችን አክስቱንና ሙስጠፋን እናስታርቅ አሉ። ሽማግሌ ማን ይሁን? ዳኛዋ ትሁን አሉ! ተቀመጥኩ። ከሁለት ሽማግሌዎች መካከል ነጠላዬን አጣፍቼ ተቀመጥኩ። ሙስጠፋ ተንበርክኮ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አፉ በይኝ» ብሎ የአክስቱን ጉልበት ሳመ። በዚያች ሰዓት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ የነጠላዬን ጫፍ አስተካከልኩ። ዘይነባ «አፉ ብያለሁ» አለች፤ በአፏ ነው፤ ቤቱን ግን እስክትሞት አልረገጠችም። ሽማግሌዎቹ እኔን «ተባረኪ» አሉኝ።

ሲወጣ ተከትዬው ፓርኪንጉ ላይ ደረስኩበት። «ለምን አትናገርም?» አልኩት፤ እንደ ክስ።

«እማማ ስንዱ» አለ፤ የመኪናውን በር እንደያዘ። «ዓይኗ ሄዷል። አባቴ ሄዷል። እርስዎንም ካጣች ማን ሊቀራት ነው?»

ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ እሷ ተመለስኩ።

ዘይነባ በረዶ በከበደበት ሰሞን ሆስፒታል ሳለች ሞተች። እኔ በጉንፋን ቤት ውዬ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ ሙስጠፋ ነው። «እማማ ስንዱ፣ አክስቴ አረፈች። ዛሬ ከዙህር በኋላ ነው። ሚስቴ መኪና ይዛ በርዎ ላይ ደርሳለች፤ ፊቷን ሳያዩ እንዳያመልጥዎ» አለኝ። በስልክ ነው የነገረኝ። ለብቻዬ ሳለሁ ነው የነገረኝ። በሰዓቱ ነው የነገረኝ።

ሴቶቹ አጥበዋት፣ ከፍነዋት፣ ፊቷን ብቻ ገለጥ አድርገው ጠበቁኝ። ክርስቲያን ናት ብለው አላገዱኝም። በየተራ ጠጋ እያሉ «አፉ ብዬሻለሁ፣ አፉ በይኝ» ይሏታል። ተራዬ ደረሰ። በሕይወቴ ተራዬን ለሰው የለቀቅሁት ያን ቀን ነው። ከኋላዬ ያለችውን አሳለፍኩ፤ ቀጥሎ ያለችውንም አሳለፍኩ። በመጨረሻ ብቻዬን ስቀር ፊቷን አየሁት፤ ወንድሟን እንዳታይ የከለከልኳትን ያህል ቆሜ አየኋት። ምን ብዬ አፉ በይኝ ልበላት? የማታውቀውን በደል እንዴት ትተውልኛለች? ሴቶቹ ፊቷን ሸፈኑት።

እሷ ከእንግዲህ አትሰማም። ሙስጠፋን ግን እስከ ዛሬ በለቅሶ ቤትም በመስጊድም «አክስቱን ሳይነግር አባቱን የቀበረ» ይሉታል፤ እሱም ይሰማል። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ከዚህች ከተማ ከሆናችሁ፣ ለእኔ ይቅርታ አትለምኑልኝ፤ የእናቷን መርዶ ብቻዋን ተረድታ ነበርና ነው፣ አሮጊት ናትና ነው፣ ወጉ አሳስቷት ነው አትበሉልኝ። ይህን ብቻ ንገሩልኝ፦ ሙስጠፋ ደውሏል። በሰዓቱ ደውሏል። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።