ጋሽ ይመር ያደረቋት ጀልባ

ጋሽ ይመርን የማውቃቸው በግድግዳ በኩል ነው። በሰው አገር፣ ናሙዎንጎ በሚባል ሰፈር ውስጥ የእሳቸው የጨርቅ ሱቅና የእኔ የመለዋወጫ ሱቅ በአንዲት ስስ ግድግዳ ብቻ ተለያይተው ዐሥራ ሁለት ዓመት ነግደናል። አንድ ሻሽ ሊገዛ የገባ ሰው ስለ ወሎው ሐይቅ፣ ስለ አባታቸው ታንኳና ስለ ዓሣው ብዛት ሳይሰማ አይወጣም። አንዳንዴ ደንበኛው አልበቃ ሲላቸው «ወንድይፍራው! እስቲ ናማ፣ ይህ ሰው አላመነኝም!» ብለው ይጠሩኛል። እኔ የመርካቶ ልጅ፣ ስለ ታንኳ ምን መስክሬ ልናገር? ጨዋታቸው ይሰለቸኝ እንደነበር አልደብቅም።

ባለቤታቸው እትዬ ዛሂዳ ያረፉት በኮሮናው የመጀመሪያ ሎክዳውን፣ ሁሉም ቤቱ ይዋል በተባለበት በፈረንጆቹ 2020፣ በግንቦት ነው። ታክሲ የለም፣ ቦዳ የሚባለው የኪራይ ሞተር ሳይክል ሰው እንዳይጭን ተከልክሏል፣ መኪና ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ቀብሩ ላይ የቆሙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሌሎቻችን ስልክ ደወልን። «አላህ ያጽናዎት» ትላለህ፣ «አሜን» ይሉሃል፣ ከዚያ ስልኩ ይዘጋል። የእኔ ቤት ከእሳቸው ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። በእግር መሄድ ደግሞ አልተከለከለም ነበር። ፈራሁ፤ በሽታውን ፈራሁ። ሌላ ሰበብ የለኝም።

መንገዱ ሲከፈት ፍርሃቱ ሄዶ ሀፍረቱ ተተካ። ዛሬ ነገ ስል ጋሽ ይመር ሱቃቸውን ዘግተው ጋባ ወደሚባለው የሐይቅ ዳር መንደር ወረዱ፤ እዚያ አንዲት ክፍል ተከራዩ፣ አንዲት አሮጌ የእንጨት ጀልባም ገዙ ሲባል ሰማሁ። ከግድግዳው ማዶ ድምፅ ጠፋ። ያ የሰለቸኝ ወሬ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ናፈቀኝ።

በፈረንጆቹ 2021 ነሐሴ፣ ሁለተኛው ሎክዳውን እንዳበቃ፣ ብቸኛ ልጃቸው ፈርሃና ሱቄ መጣች። ከባሏ ጋር የምትኖረው ናጉሩ ነው። የተዘጋውን የአባቷን ሱቅ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

«እኛ ጋ ና አልኩት፤ ትንሽ ልረፍ አለኝ። ወለድኩ፤ ልረፍ አለኝ። ልጄ ዳዴ ማለት ጀመረ፤ እሱ ገና እያረፈ ነው። አሁንማ ስልኩንም አያነሳም» አለች። «የባሌ ሥራ ወደ ጁባ ተዛውሯል። እሁድ እንሄዳለን። ካልመጣ ግን ዳግመኛ አልደውልለትም። ይህን ንገርልኝ።»

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት ጋባ ወረድኩ። ጋሽ ይመር ሣር ላይ ከተደፋች ጀልባ አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጢማቸው ነጥቷል፤ አንገታቸው ቀጥኗል። ያልደረስኩትን ለቅሶ ሳላነሳ የፈርሃናን መልእክት ብቻ ነገርኳቸው።

«እሁድ ነው ያልከኝ? እሺ፣ እናያለን» አሉና ብድግ አሉ። «ይልቅ ና፣ ጀልባዬን ላሳይህ።»

ጀልባዋን እየዞሩ በኩራት አስረዱኝ። በወሎ ሐይቅ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል፣ ከውሃ ዳር ሣር ነው። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ከተቀዘፈ በኋላ ጎትተው አውጥተው፣ አቁመው በፀሐይ ያደርቁታል። ውሃ ላይ ያደረ ታንኳ ይበሰብሳል። ልጅ ሆነው አንዴ ውሃው ላይ አሳድረው አባታቸው በልምጭ ገርፈዋቸዋል።

«እዚህ አገር ሁሉም ሰነፍ ነው፤ ጀልባውን ውሃው ላይ አስሮ ይተኛል። የእኔን ተመልከት፣ ሎክዳውኑን በሙሉ ፀሐይ ላይ ነው ያረፈችው። አጥንት መስላለች!» አሉኝ።

አቃንተን ገፋናትና ወጣንባት። ከዳር ብዙም አልራቅንም፤ እግሬ ሥር ቀዘቀዘኝ። ቀዳዳ ፈለግኩ፤ ቀዳዳ የለም። ውሃው በየሳንቃው መገጣጠሚያ፣ ከዳር እስከ ዳር ይገባ ነበር።

«ጋሽ ይመር፣ እኔ ዋና አልችልም!» ብዬ ጮህኩ።

«እኔስ መቼ እችላለሁ? ዝም ብለህ ቅዳ!» ብለው የተቆረጠ ጄሪካን ወረወሩልኝ። ስድሳ ዓመት ስለ ሐይቅ ያወሩ ሰው ዋና እንደማይችሉ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እሳቸው ቀዘፉ፣ እኔ ቀዳሁ፣ ሁለታችንም በየእምነታችን ፈጣሪን ጠራን። ዳር ስንደርስ ውሃው ጉልበታችን ደርሷል።

እዚያው ጀልባ የሚጠግን ሴንቶንጎ የሚባል አናጢ እየሳቀ መጣ። ጣቱን በሁለት ሳንቃ መካከል አስገባና ሳቁን ተወ።

«ይህችን ጀልባ ማን ነው ያደረቃት?» አለ በእንግሊዝኛ።

«እኔ ነኝ፤ እንደ አባቴ የሣር ታንኳ እንዳትበሰብስ ብዬ ነዋ!» አሉ ጋሽ ይመር ቆጣ ብለው። «አንተ ሳትወለድ ጀልባ አውቃለሁ።»

«ሽማግሌ፣ ይህች ሣር አይደለችም፤ እንጨት ናት። ውሃ ካጣች ሳንቃዋ ይኮማተራል፣ አንዱ ከሌላው ይሸሻል። ውሃ ውስጥ ስትኖር ነው አብጦ የሚገጥመው። ያሳረፍካት መስሎህ ነው የጎዳሃት።»

ጋሽ ይመር የራሳቸውን ጣት በዚያው ክፍተት አስገቡ። መላው ቀላል ነው አለን ሴንቶንጎ፤ ድንጋይ ጭኖ ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ማስመጥ፣ ከዚያ ለቀናት መተው። ሦስታችን ድንጋይ ተሸከምን። ጀልባዋ ከሰጠመች በኋላም ጋሽ ይመር ከውሃው አልወጡም። እስከ ወገባቸው ገብተው ቆሙ። ሴንቶንጎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ወንድይፍራው» አሉኝ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፤ «ልጄንም ልረፍ እያልኩ ነው የሸሸኋት።»

ሱሪያቸውን እንኳ አልቀየሩም። በሁለት ቦዳ ናጉሩ ወጣን።

በሩን የከፈተችው ፈርሃና ናት፤ ልጇን ታቅፋለች። ጋሽ ይመር ሕፃኑን ሊቀበሉ እጃቸውን ዘረጉ። እሷ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«አባ፣ እኔም እኮ እናቴ ናት የሞተችብኝ» አለች። «ማንም ለቅሶ አልደረሰኝም። አንተም አልደረስከኝም።»

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። «እውነትሽን ነው» አሉ።

ቤቱ ባዶ ነበር። ወንበሩ ተሸጧል፣ ዕቃው በካርቶን ታሽጓል፣ ወለሉ ላይ አንድ ፍራሽ ብቻ ቀርቷል። ጋሽ ይመር ጫማቸውን አውልቀው ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ለቀስተኛ እንደሚቀመጠው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ፈርሃና ብዙ ቆመች። ቆይታ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችና አጠገባቸው ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች።

እኔ በር ላይ ነበርኩ። ላደርስ የመጣሁትን አድርሻለሁ፤ ቀስ ብዬ ልወጣ ዞር አልኩ።

«አንተስ?» አለች ፈርሃና፣ ዕንባዋን ሳትጠርግ። «ትሄዳለህ?»

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እሁድ እስኪሄዱ አራት ቀን ቀርቷቸው ነበር፤ አራቱንም ቀን እትዬ ዛሂዳን አለቀስን።