የሸዋረገጥ አበልጅነት

ሞባይል ጅማ ከመግባቱ በፊት የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ወሬ በሸዋረገጥ አፍ ነበር የሚሄደው። የክርስትና ልጇን የናርዲን መታጨት ገና ሽማግሌ ሳይላክ ሰኮሩ ከተማ ድረስ አደረሰችው። ሰርጉ ሲቃረብም የናርዲ እናት ትርንጎ «ወሬኛ የልጄን ሰርግ አይረግጥም!» ብላ በሯን ዘጋችባት።

ሸዋረገጥ ምን ገዷት! ለጡረተኛው የእንግሊዝኛ መምህር ለጋሽ ወልደሰማያት ነገሩን ብታጫውታቸው ከት ብለው ሳቁ።

«እንግሊዞች ወሬኛን ‹ጎሲፕ› ይላሉ። ጥንት ግን ቃሉ ‹የእግዜር ዘመድ› ማለት ነበር፤ አበልጅ! አበልጆቹ አራስ ሊጠይቁ ተሰብስበው ሲያወጉ ሲያወጉ፣ ስማቸው ለወሬው ተረፈ።»

በማግስቱ ሸዋረገጥ ከትርንጎ ደጅ ቆመች።

«ማሎ፣ እባክሽ አበልጄ፣ ፈረንጅ እንኳ አበልጅ እንደሚያወራ ያውቃል! ናርዲን ክርስትና ያነሳኋት እኔ ነኝ። ደግሞ አበልጅ ሳይጠራ ቢደገስ ምን እንደሚወራ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ትርንጎ ሳቋ አመለጣት፤ በሩም ተከፈተ።

«ግቢና ሽንኩርት ላጪ። አፍሽን ግን ዝጊ!»

«ሽንኩርት ዝም ተብሎ አይላጥም» አለችና ሸዋረገጥ ለድግሱ ሽንኩርት ከሚልጡት ሴቶች መሀል ተቀመጠች።