ሦስተኛው ስም

እርጥብ ካርቶን የሚሸት ቤት በገባሁ ቁጥር ያቺ የኅዳር ጠዋት ትመለስብኛለች፣ ሰዎቹም በየቆሙበት አብረዋት ይመጣሉ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነጭ ጋዋኑን እስከ አንገቱ ቆልፎ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ከዞን የመጣው እንግዳ ከወንበሬ ኋላ ሆኖ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ያያል፤ መምህር ሰሎሞን የመብራት ገመዱ እንዳይነቀል ሶኬቱ አጠገብ ተጠግቷል፤ ልጄ ኢፍቱ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች የካርድ መደርደሪያው ጥግ ናት። ኮሪደሩ ላይ ባለው ረጅም አግዳሚ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል፣ በመጨረሻው ጫፍ ደግሞ የባለቤቴ አባት ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው የደም ግፊታቸውን ለመለካት ተራ ይጠብቃሉ። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። ሥራዬ ስም መጥራት ነው፤ በትክክል ከጠራሁ ወንበሩ የእኔ እንደሆነ ይቀጥላል፣ ካልጠራሁ አይቀጥልም።

ስለ ራሴ ልጅነት ብዙ የምጽፈው የለኝም፤ ከልጅነት የማስታውሰው የልጄን ነው። የተወለድኩት ጎባ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልንም እዚያው ጨርሻለሁ። ቤት ውስጥ ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚፈለግብኝ ሥራ የእናቴ አፍ መሆን ነበር። በእኛ አገር ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ በኦሮምኛ ላጉ ይባላል፣ ፍርሃት ሳይሆን ክብር ነው። መዝጋቢ መጥቶ የአያቴን ስም ሲጠይቅ እናቴ የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ አስጠግታ ወደ እኔ ትመለከት ነበር፣ እኔም ከጨዋታዬ ሮጬ መጥቼ ስሙን ተናግሬላት እመለስ ነበር። አግብቼ ሮቤ ስገባ ያው ነገር በእኔ ደረሰ፤ ዘግይታ የመጣችው አንድ ልጄ ኢፍቱ አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ስሙን የምትናገርልኝ እሷ ሆነች። እዚህም አልጽፈውም።

አማቴ ሚስታቸው ካረፉ በኋላ የሲናና እርሻቸውን ለልጆቻቸው ትተው እኛ ቤት ገቡ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ ቤቱ የሦስታችን ነበር። ጠዋት ጠዋት በሩ ፊት ለፊት ዱካ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ይሉ ነበር። እኔን «ኢንታላ»፣ ልጄ ሆይ እንደማለት፣ ይሉኛል፤ ኢፍቱ «አካኮ»፣ አያቴ እንደማለት፣ ትላቸዋለች፤ እኔ «አባ» ከማለት አልፌ አላውቅም።

በጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ወደ ሃያ ዓመት ተቀምጬ ነበር። ካርዶቹን በፊደል ሳይሆን በመንገድ ነበር የምደረድራቸው፤ ከሃረና ጫካ የሚመጡት በአንድ መደርደሪያ፣ በሶፍ ዑመር መንገድ የሚመጡት በሌላ፣ የከተማው ሰው በመስኮቱ በኩል። አንዲት እናት መጥታ ገና ሰላም ሳትለኝ ካርዷን ላወጣላት እችል ነበር። ካርዱ የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠይቃል። ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ፤ አጠገባቸው የሚናገርላቸው ሰው ካለ ይናገራል፣ ከሌለም ቦታውን ባዶ ትቼ ጥግ ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርግ ነበር። ነጥቡ ስሙ አልተነገረም ማለት ነው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ኮምፒውተሩ የመጣው በበልግ ዝናብ ነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሁለት ሰው ተሸክሞት። መንግሥት ከተለወጠ አሥር ዓመት አልፎት ነበር፣ በየመሥሪያ ቤቱም ስለ ማሽን ብቻ ይወራ ነበር። ኃላፊው በዚያው ሳምንት ጠራኝና «አዴ ዘይነባ፣ ከኅዳር ወዲያ እዚህ የሚቀመጠው ማሽኑን የሚያውቅ ነው። ካልሆነልዎ ሌላ ቦታ እንፈልግልዎታለን» አለኝ። ሌላው ቦታ የአንሶላ መጋዘኑ እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ፤ ቤት ስገባ የታጠበውን ዕቃ መልሼ አጥብ ነበር፣ የታጠፈውን ልብስ ፈትቼ መልሼ አጥፍ ነበር፣ አማቴም ከዱካቸው ሆነው በዓይናቸው ይከተሉኝ ነበር።

የጓሮ ክፍላችንን የተከራየው መምህር ሰሎሞን ነበር፤ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የሚያስተምር ወጣት፣ የጤና ጣቢያውን መዝገብ ወደ ማሽን የማስገባት ሥራም የተሰጠው እሱ ነው። አስተምረኝ ለማለት አፍሬ ኢፍቱን ላክሁ። እሷ የዚያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ «እማ መማር ትፈልጋለች፣ ግን እኔ ነኝ የፈለግሁት በዪ ብላኛለች» ብላ ነገረችው።

ከሥራ በኋላ ሦስታችንም ጠረጴዛ ከበን እንቀመጥ ነበር። መምህሩ የአሮጌ ካሌንደር ጀርባ ላይ መስመር አስምሮ «ይህ ሠንጠረዥ ነው። ወደ ጎን የሚሄደው አንድ ሰው ነው፣ ወደ ታች የሚወርደው አንድ ጥያቄ ነው» አለን።

«ማሽኑ ጅል ነው እትዬ ዘይነባ፣ የነገሩትን ብቻ ነው የሚሠራው።»

«የነገሩትን የሚሠራ ከሆነ ከዚህች ይሻላል» አልኩና ወደ ኢፍቱ አመለከትኩ።

እሷ ግን ከእኔ ቀድማ ገባት። ትእዛዝ ሁሉ «ከሆነ» እና «ካልሆነ» እንዳለው ከተማረች ወዲያ ቤቱን በወረቀት ሞላችው። በራችን ላይ «ሰው ካንኳኳ፦ አካኮ ከሆኑ ክፈቺ፤ ካልሆኑ ማነው በዪ፤ መልስ እስኪመጣ ድረስ ድገሚ» ብላ ለጠፈች። አማቴ አስነበቡና «መልስ የማይሰጥ ሰው ከመጣ እስከ መቼ ነው የምትደግመው?» ሲሏት መምህር ሰሎሞን ሳቀና ትምህርቱ እኮ ይኸው ነው አለ፤ መቆሚያ ያልተነገረው ማሽን አይቆምም።

አንድ ቀን ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም አለን። «ስንት ልጅ አለሽ ሲባል ዜሮ ያለች ሴት መልሳለች። ባዶ ከሆነ ግን ገና አልመለሰችም።» ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ፤ ያ የእርሳስ ነጥብ ትዝ አለኝ።

«እና ባዶውን ማሽኑ ይቀበላል?» አልኩት።

«የአያት ስም ላይ አይቀበልም። ከላይ የመጣው ቅጽ ሦስት ስም ይላል፤ እኔም አይለፍ ብዬዋለሁ።»

«ከልካዩ ማሽኑ ሳይሆን አንተ ነህ ማለት ነው።»

«እኔ ነኝ» አለና አንገቱን ደፋ። የማይነገር ስም እንዳለ ልነግረው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ግን የሌላ አገር ልጅ ነው፣ ይስቃል ብዬ ተውኩት። ጥፋቴ ያ ነበር።

ክረምቱን ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ኢፍቱ አብራኝ ትውል ነበር። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል፣ እኔ ካርዱን አነባለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ታካሚ ሲመጣ እኔ ወደ መስኮቱ እነሣለሁ፣ እሷ ብቻዋን ትቀጥላለች። ነጥብ ያለባቸው ካርዶች ላይ ስትደርስ ማሽኑ አላሳልፍ አላት፤ ለመምህር ሰሎሞን ስትነግረው እሱም ለምን ባዶ እንደሆኑ ስላላወቀ «ለጊዜው የሆነ ስም ሙዪበት፣ በኋላ እናስተካክለዋለን» አላት። ምን እንደሞላች አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም፤ የሚያስጨንቀኝ ጣቶቼ ፊደሎቹን ፈልገው ማግኘታቸው ነበርና።

ኅዳር ደረሰ፤ ስንዴው ቢጫ ሆነ፣ ኮምባይነሮቹም በሮቤ አስፋልት ላይ ማጓራት ጀመሩ። ከዞን እንግዳ መጥቶ ማሽኑን ባየበት የሙከራ ቀን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ታካሚዎች ስክሪኑ ላይ እንዳሉት በሦስት ስም ጠራሁ፣ ተነሥተው ገቡ። ሦስተኛው መስመር ወጣ።

«ሙና አብዱ» አልኩና ቆምኩ። ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን አቅፈው ተነሡ።

«ሦስተኛውን ይጨምሩበት እንጂ እናቴ፤ ሦስት ስም የተባለው ለዚህ አይደል?» አለ እንግዳው።

ሦስተኛው የአማቴ ስም ነበር። ዝም ስል ጊዜ ጎንበስ ብሎ ራሱ ጮክ አድርጎ አነበበው።

«አቤት፣ አለሁ» አሉ አማቴ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው እየተነሡ።

ከአግዳሚው አንዲት ሴት «ኧረ ሽማግሌውም ሙና ሆኑ» አለች፣ ኮሪደሩም በሳቅ ተሞላ። እንግዳው ማውሱን ተቀብሎኝ ዝርዝሩን ወደ ታች ወሰደው፤ ያው ስም፣ ያው ስም፣ ያው ስም። «አንድ ሰው ነው ሮቤን በሙሉ የወለዳት?» አለ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ኢፍቱ ከጥጉ። «ባዶ አልቀበልም ሲለኝ አካኮን ጻፍኩለት። በኋላ ይስተካከላል ስለተባለ ነው።»

መምህር ሰሎሞን ገመዱን ትቶ ግንባሩን ያዘ። ኃላፊው ቀኑን ለማዳን ፈልጎ «እሺ፣ ስህተት ነው፣ ይታረማል» አለ። «አዴ ዘይነባ፣ አሁን ግን ፊትዎ ያለውን ይጥሩና እንለፍ። ጠሪው እርስዎ ነዎት።»

«ይህን አልጠራም።»

«ለምን?»

መልስ የሰጡት እናቶቹ ናቸው፤ «አማቷ ናቸው እኮ» አሉ ሁለት ሦስት ሆነው።

«ጥሪ ኢንታላ» አሉ አማቴ፣ ሳይቀመጡ። «እኔ ፈቅጃለሁ። ሥራሽ ነው።»

እሳቸው ከፈቀዱ ሊሆን ይችል ነበር። ግን አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሴቶች መሳቃቸውን ትተው እያዩኝ ነበር፤ ከነሱ አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ አፋቸውን የሸፈኑት እነሱ ናቸው። እኔ ዛሬ ብጠራው ነገ በዚያ መስኮት የሚቀመጠው ሰው «አዴ ዘይነባ እንኳ ጠርታለች፣ አንቺ ምንድን ነሽ?» ይላቸዋል። ከወንበሬ ተነሥቼ ወደ በሩ ሄድኩና «ጆሮዋን የታመመችው ሙና የማናችሁ ናት?» ብዬ ጠየቅኩ። አንደኛዋ እጇን አወጣች፣ አስገባኋት። እንግዳው ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ዘጋው።

በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ወንበሩ ለሌላ ሰው እንደተሰጠ፣ ዲፕሎማ ያላት ልጅ ከጥር ጀምሮ እንደምትገባ ነገረኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እስከዚያው ዝርዝሩ ታርሞ እንዲቆይ ብቻ ለመነኝ።

መምህር ሰሎሞን ከዚያ ቀን ወዲያ ቀና ብሎ አያየኝም ነበር። ባዶው እንዲያልፍ ክልከላውን አነሣ፣ ሁለት ሙና እንዳይምታቱም ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ቁጥር ሰጠ። «የተሞላውን ስም ደግሞ በአንድ ትእዛዝ መጥረግ ይቻላል» አለ። «ሦስተኛው ስም ይህ ከሆነ፣ ባዶ አድርግ። አለቀ።»

«እኔስ?» አለች ኢፍቱ። ሁለታችንም አየናት። «እኔም እዚያ ውስጥ አለሁ። የአጎቶቼም ልጆች አሉ። የእውነቱንም እኮ ይጠርገዋል።»

ማሽኑ የእውነተኛውን የልጅ ልጅና የተሞላውን የሚለይበት ምንም አልነበረውም። የሚለየው ካርዱ ላይ ያለው የእርሳስ ነጥብ ብቻ ነበር። ስለዚህ ታኅሣሥን በሙሉ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ካርድ ክፍሉ ውስጥ አብረን ተቀመጥን፣ ካርዶቹን ከየመደርደሪያው እያወረድን አንድ በአንድ፤ እኔ «ነጥብ» ስል እሷ ታጠፋለች፣ «የለውም» ስል አያቷን ትተዋቸዋለች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልተቆጣኋትም፤ አንዳንዴ ግን ዓይኗን ስታሸት ሥራውን አቁመን እንቆይ ነበር። እራት ላይ አማቴ «ዛሬ ስንት የልጅ ልጅ ቀነሳችሁብኝ?» ይሉ ነበር።

«አርባ ያህል» ትላቸዋለች።

«አይ፣ ብቻዬን ልታስቀሩኝ ነው።»

አሁን ለግፊት ክኒኔ ወደዚያው ጤና ጣቢያ በየወሩ እሄዳለሁ። ግድግዳው ላይ ቁጥር ይበራል፣ ቁጥሩ የደረሰው ይነሣል፤ የማንንም አማት ስም የሚጠይቅ የለም፣ ዝም ያለችም አትጉላላም። በእኔ ጊዜ ወረፋው ረጅም ነበር፣ ካርድም ይጠፋ ነበር። ዛሬ አይጠፋም፤ መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ግን ቀና ብላ አታይም፣ ከየት መንገድ እንደመጣሁም አታውቅም። ኢፍቱ አዳማ ይህንኑ የመዝገብ ሥራ ትሠራለች፤ አዲስ ቅጽ ሲሰጣት አስቀድማ ሰዎች የማይመልሱት ጥያቄ የትኛው እንደሆነ እንደምትጠይቅ በስልክ ነግራኛለች። ጥሩ ነው አልኳት።

ያኔ የመጨረሻው የካርድ መደርደሪያ ታርሞ ያለቀው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ዓርብ ቀን፣ ሰው ለጁምዓ ሲወጣ ነው። ኢፍቱ ማሽኑን አጠፋች፣ ደብተሮቿን ሰብስባ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ካርዶቹን ወደየመንገዳቸው መለስኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ቁልፉን ለአዲሷ ልጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላትና ሻሼን አስተካክዬ ወጣሁ።