ሳይጨበጨብ አይወጣም

ዛሬም ሠርግ ቤት ጭብጨባው ሲደምቅ መቀመጥ አልችልም። ሰው ለሙሽሮች እያጨበጨበ ሲስቅ እኔን የማሽላ ብናኝ ይሸተኛል፣ ሰበብ ፈልጌ ከድንኳኑ እወጣለሁ።

አባቴ የምትሃት ትርኢት ያሳይ ነበር። ቤተሰቦቹ በሰፈራ ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ ካሉት አምባዎች በአንዱ የሚያርሱ ገበሬዎች ናቸው፤ እሱ ግን እርሻውን ለወንድሞቹ ትቶ፣ በጋ ሲገባ ባረጀች ፒካፕ ላይ ትልቅ ሣጥን ጭኖ፣ እኔን ከጎኑ አስቀምጦ በየገበያው ይዞር ነበር። ሣጥኑ ውስጥ እገባለሁ፣ ይዘጋል፣ ሲከፈት የለሁም። ከወለሉ ሥር ሌላ ወለል ስለነበረው እዚያ ትንፋሼን ውጬ እተኛና፣ አባቴ ሕዝቡን አስጨብጭቦ ዳግም ሲከፍተው ብቅ እል ነበር። ሳይጨበጨብ መውጣት ክልክል ነው። «የት ነበርሽ?» ላለኝ ሁሉ ደግሞ መልሴ አንድ ነው፤ አላውቅም።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ» ይለኝ ነበር፣ «ምስጢሩ የወጣ ቀን ሣጥኑ ማገዶ ነው።»

ማንጎ በሚበስልበት፣ ሙቀቱም መሬቱን በሚጠብስበት በሚያዝያ፣ በመንጌ መንገድ ባለች አንዲት የበርታ መንደር አሳይተን ስንመለስ፣ ብዙም ሳንርቅ ጎማ ተንፍሶብን ቆምን። አባቴ ጎብጦ ብሎን ሲፈታ ከኋላችን አቧራ ተነሣ፤ የመንደሩ ሕዝብ ዱላና ገጀራ ይዞ እየሮጠ ደረሰና ከበበን። ከፊት አንድ ሽማግሌ፣ ከጎናቸው ነጠላዋ ከራሷ የወደቀ ሴት ነበሩ።

«ሀዋ ጠፋ» አሉ ሽማግሌው ሴትየዋን እያሳዩ፣ ወንድና ሴት በማይለይ ስብርብር አማርኛ። «የሷ ልጅ። ትርኢት አየ፣ ከዚያ የለም። አንተ ሲህር፣ ድግምት አደረገ።»

«ሐጂ፣ ወላሂ ልጅ አልወሰድኩም!» አለ አባቴ። በዚያ ሁሉ ሰው ዓይን ፊት ሳንቲም የሚሰውሩትን እጆቹን፣ ባዶ ናቸው ለማለት ከፍቶ ዘረጋ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ስትጠፋ የት ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ።

የለመደ አፍ ነው። ሕዝቡ ጮኸ፣ አንድ ጎልማሳ አባቴን አንገትጌው ላይ አንቆ ያዘው። አባቴን ሊገድሉት ነው ብዬ ሽንቴ አመለጠኝ።

«ሰዓዳ፣ አሳዪያቸው! ሁሉንም አሳዪያቸው!» ብሎ አባቴ ጮኸብኝ።

ቃል ማውጣት ስላቃተኝ ፒካፗ ላይ ወጥቼ ሣጥኑን ከፈትኩ፣ የላይኛውንም ወለል አነሣሁት። የሀዋ እናት ገፍታኝ ገብታ ሥሩን ከጥግ እስከ ጥግ በእጇ ዳበሰች። ልጇ እዚያ ያለች መስሏት ነበር። እጇ ባዶውን ሲመለስ ከሣጥኑ አፋፍ ላይ ተደፋች፣ እኔም ያን ጊዜ ከገጀራው ይልቅ እሷን ፈራሁ።

ሽማግሌው ቀስ ብለው «መቼ ነው የሚወጣ?» አሉኝ።

«ሲጨበጨብ። ካልተጨበጨበ አልወጣም።»

ሽማግሌው ወደ ሕዝቡ ዞረው በበርታ አንድ ነገር ተናገሩና ለእኛም በአማርኛ ደገሙት። «እኛ ስም ጠራን፣ ጠራን። ማንም አላጨበጨበም። ሀዋ እንደዚህ ልጅ ተደብቆ ይሆናል።»

ወደ መንደሩ በሩጫ ተመለስን። ያ ጎልማሳ አባቴን እንዳነቀ መጥቶ ነበር፤ ማጨብጨብ ሲጀመር ግን ሁለት እጅ ስለሚያስፈልገው ለቀቀው። ቤት ለቤት እያጨበጨብን ዞርን፣ መልስ የለም። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። በዚያ ሙቀት ታፍና ሞታ እንደሆነስ እያልኩ፣ መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

በመጨረሻ ከአንድ ቤት ጓሮ፣ በእንጨት ላይ ከፍ ብሎ ከቆመ ጎተራ፣ የሣር ክዳኑ ንቅንቅ አለ። ሀዋ ፊቷ በማሽላ ብናኝ ነጥቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ ብቅ አለች። እናቷ አንድ ጥፊ አቅምሳት ወዲያው እቅፏ ውስጥ ወተፈቻት። ልጅቷ እያለቀሰች የምትለውን ሽማግሌው ተረጎሙልን፤ «ጭብጨባ ለምን ቆየ ነው የሚለው።»

አባቴ ቤት እንደገባን ሣጥኑን በመጥረቢያ ፈለጠው። እኔም አልከለከልኩትም።

አሁን እዚሁ አሶሳ ልጅ አሳድጋለሁ። ከትምህርት ቤት ሲዘገይብኝ፣ ስልክ እምቢ ሲል፣ መንገድ ተዘጋ የሚል ወሬ ሲናፈስ፣ ደጃፌ ላይ ቆሜ ሳላስበው አጨበጭባለሁ። ጎረቤቴም የራሷን ልጅ እየጠበቀች ከደጇ ቆማ አያታለሁ። ያኔ ሊገድለን የመጣው ሰው ሳይቀር አብሮን አጨብጭቦ ነበር። ዛሬ ሁላችንም በየደጃችን ቆመን እንፈራለን፣ የምናጨበጭበው ግን ለየብቻችን ነው።