እናቴ እልል ያለችበት የቫዮሊን ዝግጅት

ባለፈው ሳምንት ልጄ "ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል የቫዮሊንና የፒያኖ ዝግጅት አለ" ብሎ እየጎተተ ወሰደኝ። ገና ወንበሬን ሳላሞቅ አስተዋዋቂው ወጣና፣ እያንዳንዱ ሥራ ብዙ ክፍል ስላለው እስኪያልቅ ድረስ እንዳናጨበጭብ በትሕትና ለመነን። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ልጄ "እማ፣ ምን ሆነሻል? ሰው እያየን እኮ ነው!" እያለ በክርኑ ይጎስመኛል። ምን ላድርግ? እናቴ ትዝ አለችኛ!

ያኔ ገና የኮረዳነት ወጉ የጀመረኝ ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ዓባይ ማዶ ነው፤ አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ኮሌጅ የሚያስተምር የአንድ ፈረንጅ ሚስት፣ እኛ "ማዳም" የምንላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው ሙዚቃ ያስተምሩ ነበር። አብዛኞቻችን የምንሄደው ለብስኩቱ ነው። ታላቅ እህቴ ትርንጎ ግን ቫዮሊኑን አንዴ አገጯ ሥር ካስገባችው በኋላ አልለቅም አለች። ጥቂት ዓመት እንደተማረች ማዳም ቤታችን ድረስ መጥተው "ይህቺ ልጅ አዲስ አበባ ሄዳ ሙዚቃ ትማር፤ መግቢያውን እኔ እጨርሳለሁ" አሉ።

አባቴ ደግሞ አለቆቹን ለምኖ ሽመና ክፍል ሥራ አስይዞላት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጁ "አዝማሪ" ስትባል መስማቱን ነው የጠላው። ማዳም ግን የዋዛ አይደሉም። ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ እሳቸው ፒያኖ፣ ትርንጎ ቫዮሊን የሚጫወቱበት ዝግጅት አሰናድተው አባቴን ጋበዙት። አባቴ ብዙ ካሰበ በኋላ ትርንጎን አስጠርቶ፣

"እመጣለሁ" አላት። "ሰው ካከበረሽ ሂጂ። ካላከበረሽ ግን ሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር ፋብሪካ ትገቢያለሽ። ሌላ ወሬ የለም።"

ከዚያ ወዲያ እህቴ እህል የሚባል በአፏ አልዞረም።

የዝግጅቱ እሁድ ደረሰ። ሚያዝያ ስለነበር ሙቀቱ አይጣል ነው! የዓባይን ድልድይ በእግራችን ተሻገርን። መንገዱ ዳር ማንጎ ተከምሯል፤ ከአንዱ ቤት የሚጠበስ አሳ ሽታ ይመጣል፤ ብስክሌቱ በግራ በቀኝ ይጥመለመላል። እናቴ "ለልጄ ሰው እንዳይጎድልባት" ብላ የፋብሪካ ሴቶችን አስከትላለች። እኔማ እግሬ መሬት አልነካ ብሎኝ ከፊት ከፊት እሮጣለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ከፊት ፈረንጆቹና አስተማሪዎቹ፣ ከኋላ እኛ ተቀመጥን። ትርንጎ የእናቴን ነጭ ቀሚስ በልኳ አሳጥራ ለብሳ ብቅ ስትል ልቤ በአፌ ልትወጣ ደረሰች። ማዳም በራሳቸው ምልክት ሰጧት፤ ጀመረች። እኔ ምኑን ልንገራችሁ! ያች እቤት ውስጥ ስትለማመድ "ኧረ ጆሯችን ይረፍ" የምንላት ልጅ አይደለችም። ፒያኖው ሲሮጥ ትከተለዋለች፣ ሲቆም ትቀድመዋለች። እጄን እስኪያመኝ ጨብጬ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ቆመ። ፀጥ!

አንድም ሰው አላጨበጨበም። ፈረንጆቹ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ተጫውቶ ሲያበቃ ዝም ከተባለ ተዋርዷል ማለት ነው። ሠርግ ላይ ድምፁ የማያምረው እንኳ እልልታ አያጣም። ዘወር ስል አባቴ ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ባርኔጣ አንስቷል፤ ሊሄድ ነው። በቃ፣ እህቴ ፋብሪካ ገባች አልሁ።

እናቴ አላስቻላትም። "ምነው እቴ! ልጄ ምን አደረገቻቸው?" ብላ ብድግ አለችና አዳራሹን በእልልታ አቀለጠችው። የፋብሪካ ሴቶችም ተቀበሏት። የኋላው ወንበር በሙሉ ያጨበጭባል፤ የፊቱ በሙሉ ዞሮ ያየናል።

ከፊታችን የነበሩ ባለ መነጽር አስተማሪ "እማማ፣ ገና ነው! ሁለት ክፍል ይቀራል። እስኪያልቅ ድረስ በዝምታ ነው የሚደመጠው" አሏት።

"ታዲያ ቀድማችሁ አትነግሩንም?" አለች እናቴ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማዳምም አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ትርንጎ ለእናቴ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ ዐይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየችና ሁለተኛውን ክፍል ጀመረች። ይሄኛው ዝግ ያለ ነበር። አባቴ ባርኔጣውን እንደያዘ ቀረ። ልጁን ሳይሆን የሚሰማውን ሰው ነበር አንድ በአንድ የሚያየው። ያም ክፍል ሲያልቅ እንደገና ፀጥ ሲል፣ እናቴ ልትነሳ ስትቁነጠነጥ ነጠላዋን ያዛትና "ተይ፣ ይጨርሱ" አላት።

ሲያልቅማ ፈረንጁም እኛም ቆመን ያጨበጨብነውን ምን ብዬ ልንገራችሁ!

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ድልድዩ መሀል ላይ ቆመ። እኛም ቆምን።

"እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሰው ጆሮ ላይ እየጮህሁ ነው" አለ። "በማሽኑ ድምፅ አጠገቤ የቆመው ሰው እንኳ አይሰማኝም። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ግን ልጄን ትንፋሹን ውጦ ሰማት። እዚያ ጩኸት ውስጥ አላስገባትም! ትሂድ!"

ትርንጎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። እኔ እዚያው ድልድዩ ላይ እየዘለልሁ አለቀስሁ፤ ደስታ እንዲህ እንደሚያስለቅስ ያን ቀን አወቅሁ።

ከዚያ በኋላ ወላጆቼ ይህን ነገር ዕድሜ ልካቸውን ተከራከሩበት። አባቴ "ልጄን ያስከበራት ዝምታው ነው" ይላል፤ እናቴ "እኔ እልል ባልልማ አንተ ባርኔጣህን ይዘህ ወጥተህ ነበር" ትላለች። ሁለቱም ሳይረቱ አለፉ።

ከሆቴሉ እንደተመለስሁ አዲስ አበባ ለትርንጎ ደወልሁላት። ስንት ልጅ አስተምራ አሁን ጡረታ ወጥታለች። የእናቴን እልልታ እያነሳን ስንሳሳቅ ቆየን።

"ልንገርሽ?" አለችኝ። "ያኔ የመጀመሪያውን ክፍል ስጨርስ የሁለተኛው መጀመሪያ ድራሹ ጠፋብኝ። ጣቴ ደርቆ ቀረ። እማዬ እልል ብላ ሰው ሲስቅ ነው ትንፋሼም ዜማውም የተመለሰልኝ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?"

"አባባ ፊት? አፍሬ ነዋ! በኋላ ደግሞ ነገ ነገ ስል አመለጠችኝ።"

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ቆጨኝም። እናቴ ይህን ሰምታ አባቴን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ መቀመጫ ብታሳጣው እንዴት ደስ ባለኝ ነበር!