ከፎርማት የተረፈ ምርቃት

ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ጥገና ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ሙሉጌታ ካቻቪቴና የቀለም ብሩሽ ሰጥተውኝ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። ሥራዬ አቧራውን ማራገፍ ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ አርፌ መቀመጥ አልችልም፤ ከምሳ በፊት ማሽኑን ብሎን በብሎን ፈታትቼ ጠረጴዛውን ሞላሁት። አቶ ሙሉጌታ አዩና፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው መልሼ እስክገጥመው ድረስ ወንበሬን ወሰዱብኝ። ቆሜ ገጠምኩት፤ ሠራ።

በዚያን ጊዜ የሠፈሩ ጠጋኞች ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት ነበረን፤ ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ቫይረስ ገባ፣ ፎርማት። ዘገየ፣ ፎርማት። ደንበኛውም ለምዶ ገና ከበሩ ላይ ፎርማት አድርጊልኝ ይል ነበር። ምን ሆኖ ተበላሸ ብለን ስንጠይቅ ደግሞ መልሱ አንድ ነው፤ ምንም አልነካሁም። ነካሁ ያለ ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ የፈረመ ይመስለዋል። ይህን መልስ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

ናስር ሰንጋ ተራ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ነው። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን አቅፎ መጣ። ሲከፈት ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ራሱ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ሌላ ቦታ አሳይቶት ፎርማት ይደረግ ብለውታል። ምን ነክተህ ነው አልኩት፤ ምንም አልነካሁም አለኝ።

በውስጡ ገና ያልተቀናበረ ሰርግ አለ። ካሴቶቹስ ብዬ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። ቪዲዮ ቤቶች ወደ ኮምፒውተር ከገለበጡ በኋላ በዚያው ካሴት ሌላ ሰርግ መቅረጽ ልማዳቸው ነበር። ናስርም ቀርጾበታል።

ከኋላው ጥቁር የለበሰች ወጣት ቆማለች። ሙሽራዋ ናት፤ ሰናይት ትባላለች። አባቷ ከሰርጉ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አርፈዋል።

«አባቴ ጉልበቱን ስስም ብዙ ነገር ብሎኝ ነበር፤ እልልታው በዝቶ አንዱንም አልሰማሁትም» አለችኝ። «ካሜራው አጠገቡ ነበር። ምን እንዳለኝ ማወቅ ነው የምፈልገው፤ ሌላው ይቅር።»

አቶ ሙሉጌታ የቆመውን ወረፋ አይተው ቶሎ ፎርማት አድርጊና ፋይሉን የጠፋ በሚመልስ ፕሮግራም ፈልጊው አሉኝ። በዚያ መንገድ ግማሹ ተቆራርጦ ሲወጣ ደጋግሜ ስላየሁ ሆዴ እምቢ አለ። መጀመሪያ ዲስኩን ላየው አልኳቸው። አጉረመረሙ፤ ግን አልከለከሉኝም።

ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ የራሳችን ማሽን ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ገጠምኩት። ፋይሎቹ ተደርድረው ቁጭ ብለዋል። የሰናይትን ሰርግ ወደ እኛ ዲስክ መገልበጥ ጀመርኩ።

ቪዲዮ ሲገለበጥ እንደማየት የሚያንገበግብ ነገር የለም። አረንጓዴው መስመር ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ትንሽ ይገፋል። እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ሰናይት ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። መሀል ላይ መብራት ሄደ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው፣ መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ መጮህ ጀመረ፤ ባትሪው አሮጌ ስለነበር ፈራሁ። ናስር ዱዓ ሲያደርግ ይሰማኝ ነበር። መስመሩ ሞልቶ እንደጨረሰ ማሽኑን በሥርዓቱ አጠፋሁት፤ ባትሪውም ወዲያው ሞተ።

መብራት እስኪመጣ ወደ ናስር ዞርኩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው። ዲስኩ ደህና ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ መሆን አለበት።

«ናስር፣ ሰርጉ ወጥቷል፤ አሁን የነካኸውን ብትነግረኝ የሚቆጣህ የለም» አልኩት።

አንዴ ሰናይትን፣ አንዴ እኔን አየና ነገረኝ። ጓደኛው ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገብተህ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን ሴቲንግ ከድሮው አይዲኢ ወደ አዲሱ ኤኤችሲአይ ብትቀይረው ቅንብሩ ይፈጥንልሃል ብሎት ነበር። ቀየረው። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ አልነሳም።

ነገሩ ይኸው ነው። ዊንዶውሱ የተጫነው በድሮው ሴቲንግ ነው፤ በአዲሱ ዲስኩን የሚያነብበት ድራይቨር አልተዘጋጀለትም። ስለዚህ ገና ሲነሳ የተቀመጠበትን ዲስክ ማግኘት ያቅተዋል። መብራት ሲመጣ ዲስኩን ቦታው መለስኩ፣ ባዮስ ገብቼ ሴቲንጉን ወደ አይዲኢ አደረግኩ፣ ሴቭ ብዬ ወጣሁ። ተነሳ። ናስር፣ በቃ ይኼ ብቻ ነበር እንዴ እያለ ግንባሩን ያዘ።

ሰናይት ቪዲዮውን ምርቃቱ ጋ እንዲያደርስላት ናስርን ጠየቀችው። እሱ ያንን ቦታ ስለረዘመ ሊቆርጠው አስቦ እንደነበር የነገረኝ ሌላ ቀን ነው። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች ጥሪ እንዳይረብሽ አቶ ሙሉጌታ ራሳቸው ተነስተው በሩን ዘጉት።

አባትየው የልጃቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ዙሪያውን እልልታ ነው፤ ድምፃቸው ግን ቅርብና ጥርት ያለ ነበር። መረቁ፣ መረቁና ጎንበስ ብለው እንዲህ አሏት፦

«ቁጣሽን ከእኔ ነው የወረስሽው። እሱን እዚሁ ትተሽልኝ ሂጂ፤ እኔ እችለዋለሁ።»

ሰናይት ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። ከዚያ ቀስ ብላ «አሜን» አለች። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ደንበኞችም አሜን አሉ። እኔም ቆሜ አለቀስኩ።

ወደዚህ ሙያ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። የማይነሳ ማሽን ሲመጣላችሁ አስቀድማችሁ በውስጡ ያለውን ገልብጡ፤ ከዚያ ምን እንደተቀየረ ጠይቁ፤ የተቀየረውን ወደ ነበረበት መልሱ። ፎርማት የመጨረሻው ነው። ዊንዶውስ በማንኛውም ቀን እንደገና ይጫናል፤ የሰናይት አባት ግን ሁለተኛ አይመርቁም።