አማቱ ፊት ለፊት የተኛ ሰው

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከኮምቦልቻ ጨው ጭነን ሽቅብ ስንወጣ ካሚዮኗ ተገለበጠችና ጭኔ ተሰብሮ ደሴ ሆስፒታል ገባሁ። ወላሂ፣ ያ ክፍል እንደኔ የጮኸ ሰው አያውቅም! ሐፍረት የሚባለው ነገር ከጭኔ ጋር አብሮ ተሰብሮ ነበር። ጣሊያኑ ሐኪም አማርኛ አይሰማም፤ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። ለጮኸ የማስታገሻ መርፌ ይወጋል፣ ዝም ያለውን ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔማ እየጮህኩ ስወጋ፣ እየተወጋሁ ስተኛ ከረምኩ።

አጠገቤ የተኛው የቦሩ ሜዳ ገበሬ ግን ትንፍሽ አይልም። መጥረቢያ መትቶት የእግሩ ቁስል አመርቅዟል፤ ላቡ ይንቆረቆራል፣ የጋቢውን ጫፍ ነክሶ ጣራ ጣራውን ያያል።

"አንተ ሰውዬ፣ ጩህ እንጂ! መርፌው እኮ በነፃ ነው" አልኩት።

ባይኑ ፊት ለፊት ያለውን አልጋ አሳየኝ። "አማቴ ናቸው" አለኝ በሹክሹክታ።

ጉድ ፈላ! ሆዳቸውን ታመው የገቡት ዝምተኛ ሽማግሌ አማቱ ኖረዋል። አማቱ ፊት እህል እንኳ ደፍሮ የማይጎርስ ሰው እንዴት ብሎ ያቃስት?

አንድ ቀን ሐኪሙ ቁስሉን ጫን ጫን አደረገና ፊቱን አየው። ገበሬው ንቅንቅ አላለም። የዚያን ቀን አብሮት የመጣው አስተርጓሚ "እግሩ በድኗል፤ ነገም እንዲህ ስሜት ከሌለው ይቆረጣል ብሏል" አለን። ሰውዬው ይህን ሰምቶም ጋቢውን ነከሰ። በአንድ እግሩ ሊያርስ ነው? ቁስሉን ሊያጥቡለት እስኪወስዱት ጠበቅኩና ወደ ሽማግሌው ጮህኩ።

"አባባ፣ የልጅዎ ባል በእርስዎ የተነሳ እግሩ ሊቆረጥ ነው!"

"እኔ ደሞ ምን አደረግኩት?"

"እርስዎ እያዩት እንዴት ይጩህ?"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ደረቅ ሽማግሌ! አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ ሐኪሙ ገና ቁስሉን ሲነካ፣ ከወዲያ ማዶ "ያ ረቢ! ሞትኩ! ኧረ ሆዴን!" የሚል ድምፅ ክፍሉን አናጋው። ሽማግሌው ናቸው። ገበሬው አፉን ከፍቶ አያቸው፤ ጋቢው ከጥርሱ ወደቀ። ሐኪሙ እግሩን ጫን ቢያደርገው "ኡኡ!" ብሎ አቀለጠው። እግሩ ተረፈ።

ሽማግሌው ግን አላቆሙም።

"አባባ፣ ይበቃል፤ ተርፏል እኮ!" አልኳቸው።

እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። "ለሱ ብዬ ነበር የጀመርኩት" አሉኝ፤ "የራሴው መጣብኝ።"

ለካ እሳቸውም ከገቡ ጀምሮ ዝም ያሉት አማቻቸውን አፍረው ነው። ሐኪሙ ለኔ የቀዳውን መርፌ ይዞ ወደሳቸው ሮጠ። ይሁንላቸው።